ካርቦሃይድሬት በሰዓቱ

ክብደት ልቀንስ ብሎ ቆርጦ የተነሳ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን የሚያሳድደው ካርቦሃይድሬትን ነው። ዳቦው ይቀራል፣ ሩዙ ይቀራል፣ ድንቹ እንደ ጠላት ይታያል። በሳምንቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ 2 ኪሎ ቀንሷል። ደስታው ይገባል፤ ግን የቀነሰው ምኑ እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን የሚያከማቸው ግላይኮጅን በሚባል መልክ ነው፤ በአንድ አዋቂ ጡንቻዎች ውስጥ 400 ግራም አካባቢ፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ ወደ 100 ግራም ይገኛል። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ሲሟጠጥ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ግማሽ ኪሎ ግላይኮጅንና አንድ ኪሎ ተኩል ውሃ ሲደመሩ ያንኑ 2 ኪሎ ይሰጣሉ። ስቡ ገና እምብዛም አልተነካም።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እግር ይከብዳል፣ ሩጫው ያጥራል፣ አሥር ጊዜ ይነሳ የነበረው ብረት ሰባተኛው ላይ ይቆማል። ስፖርቱ ሲዳከም የሚወጣው ኃይል ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው ረሃብ ደግሞ ማታ ብስኩት ፍለጋ ይነሳል። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው ካርቦሃይድሬት በዝቶ ብቻ አይደለም፤ በማያስፈልግበት ሰዓት እየተበላ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ “ጤናማው ካርቦሃይድሬት የትኛው ነው?” ለሚለው ጥያቄ የምግብ ስም ብቻ መልስ አይሆንም። መቼ፣ ስንት ግራም፣ ከምን ሥራ በፊት ወይም በኋላ የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

ጡንቻ በዋናነት በስብና በካርቦሃይድሬት ይሠራል። በዝግታ ስንራመድ የሚበዛው ስብ ነው። ፍጥነት ሲጨምርና ትንፋሽ ሲያጥር ድርሻው ወደ ካርቦሃይድሬት ያደላል፤ አንድ ሐሳብ ሳይቆራረጥ መናገር በሚያቅትበት ጫና ላይ ሥራው በአብዛኛው የካርቦሃይድሬት ይሆናል። ምክንያቱም ከስብ ይልቅ ፈጥኖ ኃይል ይሰጣል፤ ለተመሳሳይ ኃይልም ያነሰ ኦክስጅን ይበቃዋል። በመሮጫ ማሽኖች ላይ “ስብ የሚቃጠልበት ቀጠና” ተብሎ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ ግማሽ እውነት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የትኛው እንደተቃጠለ ሌላ፣ በወሩ መጨረሻ ምን ያህል ስብ እንደጎደለ ሌላ። ሁለተኛውን የሚወስነው የሳምንታት የኃይል ገቢና ወጪ ልዩነት ነው።

ጉዳዩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሐኪሞች የቦስተን ማራቶንን የጨረሱ ሯጮችን ደም መርምረው የበርካቶቹ ስኳር በጣም ወርዶ አገኙት፤ ተዝለፍልፈውና ግራ ተጋብተው የጨረሱትም እነዚሁ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሯጮች ከውድድሩ በፊት ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እንዲበሉ፣ በመሃል ደግሞ ከረሜላ እንዲወስዱ ተደረገ፤ በተሻለ ሁኔታም ጨረሱ። በ1960ዎቹ ስዊድናውያኑ ዮናስ በርግስትሮም እና ኤሪክ ሁልትማን በመርፌ ከጡንቻ ናሙና እየወሰዱ ግላይኮጅን በሥራ እንዴት እንደሚያልቅና በምግብ እንዴት እንደሚሞላ በግራም አሳዩ። ግን ማራቶን ማራቶን ነው። በሳምንት አራት ቀን 45 ደቂቃ የሚሠራ ሰው የማራቶን ሯጭን አመጋገብ ከገለበጠ ክብደቱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ምርጫው። “ቀላል” እና “ውስብስብ” የሚለው የቆየ ክፍፍል ብዙም አይረዳም። በፖም ውስጥ ያለው ስኳር ቀላል ነው፤ ማልቶዴክስትሪን ደግሞ ከስታርች (በእህልና በድንች ውስጥ ካለው ካርቦሃይድሬት) የሚሠራ ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት፣ ማለትም “ውስብስብ” ነው፤ ወደ ደም በመግባት ፍጥነት ግን ማልቶዴክስትሪን ፖሙን ጥሎት ይሄዳል። የሚሻለው መለኪያ ምግቡ ወደ አፍ እስኪደርስ ምን እንደተደረገበት ማየት ነው። እህል ሲፈተግ ገለፈቱና የሚበቅልበት ክፍሉ ይነሳሉ፤ አብዛኛው ፋይበር (አንጀት የማይፈጨው የተክል ክፍል)፣ ማግኒዚየምና የቢ ቫይታሚኖች አብረው ይሄዳሉ። ፍሬ ሲጨመቅም እንዲሁ ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 3 ግራም ፋይበርና 60 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ተልጦ፣ ታኝኮ እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። ሩብ ሊትር ጭማቂው 26 ግራም ካርቦሃይድሬትና 110 ካሎሪ ይዞ፣ ፋይበሩ አንድ ግራም እንኳ ሳይሞላ፣ በሁለት ትንፋሽ ይጠጣል። በፈሳሽ የገባ ካሎሪ ደግሞ ቀጥሎ የሚበላውን ምግብ ያን ያህል አይቀንስም። ክብደት ለሚቀንስ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቀንስ ቢባል ከሁሉ በፊት የሚቀረው የሚጠጣ ስኳር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ዴቪድ ጄንኪንስ እና ባልደረቦቹ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1981 ያሳተሙት ነው። 50 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ከንጹሕ ግሉኮስ ጋር ያወዳድራል፤ ግሉኮስ 100 ነው። 55 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 70 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ቁጥሩ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል። ሐብሐብ 70 ገደማ ስለሆነ ብዙዎች ይፈሩታል፤ ነገር ግን 100 ግራም ሐብሐብ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ከ8 ግራም አይበልጥም። መጠኑን የሚያስገባው ሌላው ስሌት፣ ግላይሴሚክ ሎድ፣ ኢንዴክሱን በካርቦሃይድሬቱ ግራም አባዝቶ ለ100 ያካፍላል፤ ለዚህ ሐብሐብ ከ6 በታች ይወጣል፣ ማለትም ዝቅተኛ ነው። በሌላ በኩል ስብ የስኳሩን አወጣጥ ስለሚያዘገይ አይስክሬም በኢንዴክሱ ደህና ሊመስል ይችላል። በአይስክሬም የከሳ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ለክብደት የበለጠ የሚነግረን ጥጋብ ነው። በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሱዛና ሆልት ከባልደረቦቿ ጋር 38 ምግቦችን እያንዳንዳቸውን በ240 ካሎሪ መጠን አቅርባ የሚያጠግቡትን ከነጭ ዳቦ ጋር አወዳድራለች። ነጭ ዳቦ 100 ሲሆን ክሯሳን 47 አገኘ፤ ከሁሉም የበለጠው፣ 323 ያገኘው፣ የተቀቀለ ድንች ነበር። ያው በየአመጋገብ ዝርዝሩ ላይ “አትብሉ” የሚባለው ድንች! ምስጢሩ ውሃው ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 87 ካሎሪ ገደማ ብቻ ስላለው በ240 ካሎሪ ትልቅ ሳህን ይሞላል። ያንኑ ድንች በስስ ቆርጠው በዘይት ሲጠብሱት ውሃው ወጥቶ ዘይት ይገባና 100 ግራሙ ከ500 ካሎሪ በላይ ይሆናል። ጥፋቱ የድንቹ አይደለም።

በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበሩ ምግቦችም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የመሩት፣ በ2019 የታተመ ጥናት 20 ሰዎችን ሁለት ሁለት ሳምንት በሁለት ዓይነት ምግብ አቆይቷል። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ፋይበርና ካርቦሃይድሬት ተቀራራቢ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል መብላትም ይችሉ ነበር። በተቀነባበረው ምግብ ወቅት በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ከታዩት ልዩነቶች አንዱ ፈጥነው መብላታቸው ነው።

ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ የሚያገለግል አንድ ቀላል መስፈርት አለ፦ ለእያንዳንዱ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢያንስ 1 ግራም ፋይበር። ካርቦሃይድሬቱን ለ10 አካፍሉ፤ ፋይበሩ ከዚያ ካነሰ ምርቱ የተፈተገ እህል ወይም ስኳር ይበዛበታል። የዳቦው መጥቆር ማስረጃ አይሆንም፤ የተቃጠለ ስኳር ወይም ብቅል ገብቶበት ሊጠቁር ይችላል። “ከብዙ እህል የተሠራ” የሚለውም ሁሉም የተፈተጉ እህሎች ከሆኑ ትርጉም የለውም። የግብዓቶቹን ዝርዝር እዩ፤ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው “ሙሉ” እህል መሆን አለበት። ስኳር ደግሞ ዴክስትሮስ፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ውህድ እየተባለ ተበታትኖ ስለሚጻፍ ወደ ዝርዝሩ ታች ይወርዳል፤ ድምሩን ማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 5 በመቶው 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። ማርና ጭማቂም በዚህ ስኳር ውስጥ ይቆጠራሉ።

እስካሁን ያለው ለማንኛውም ሰው ይሠራል። ስፖርት ሲገባ ግን ደረጃው ይገለበጣል። ምስር ከሁሉም የተሻለ ካርቦሃይድሬት ነው ብል ብዙ የሚቃወመኝ የለም፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ውስጥ 8 ግራም ፋይበርና 9 ግራም ፕሮቲን አለ። ከሩጫ ግማሽ ሰዓት በፊት ግን ከምስሩ ይልቅ ማር የተቀባ አንድ ቁራጭ ነጭ ዳቦ ይመረጣል። ሥራ ሲጀመር ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ፋይበርና ስብ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ሳይወርድ ይቆያል፤ ውጤቱ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም መንገድ አቋርጦ ሽንት ቤት ፍለጋ ነው። ፋይበርን የምንወድበት ባሕርይ፣ ማዘግየቱ፣ እዚህ ጋ ይጎዳል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከስፖርቱ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት መደበኛ ምግብ የበላ ሰው፣ በክብደቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ካገኘ፣ ሌላ አያስፈልገውም። ምግቡ ከአራት ሰዓት በላይ ካለፈውና ጠንካራ ሥራ ካለበት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው ከ20 እስከ 30 ግራም በቂ ነው፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ይሰጣል። ጥቂት ሰዎች በዚህ ሰዓት ስኳር ሲወስዱ ሥራውን እንደጀመሩ የደም ስኳራቸው ወርዶ ይንቀጠቀጣሉ፤ እነሱ ወይ ሰውነታቸውን ካሟሟቁ በኋላ ይውሰዱ ወይ ወደ ሁለት ሰዓት ያርቁት። ጠዋት በባዶ ሆድ መሮጥ? ቀለል ያለ 40 ደቂቃ ከሆነ ችግር የለውም። ሌሊት የሚጎድለው በዋናነት የጉበቱ ግላይኮጅን ነው፤ የጡንቻው ባለበት ያድራል። ግን በባዶ ሆድ ስለተሠራ ስቡ የበለጠ ይቀንሳል የሚለው፣ የቀኑ ካሎሪ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ አይሠራም።

በሥራው መሃል ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ውሃ ብቻ ይበቃል። ክብደት ለመቀነስ 45 ደቂቃ እየሠሩ የስፖርት መጠጥ መጠጣት ገንዘብም ልፋትም ማባከን ነው፤ 6 በመቶ ካርቦሃይድሬት ያለው ግማሽ ሊትር መጠጥ 30 ግራም ስኳር፣ 120 ካሎሪ ነው። ሥራው ከአንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም መውሰድ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ግሉኮስ ብቻ ቢጨመር የአንጀቱ ማስተላለፊያ በሰዓት 60 ግራም ገደማ ላይ ይሞላበታል፤ የተረፈው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። ፍሩክቶስ በሌላ መንገድ ስለሚገባ ሁለቱን የቀላቀለ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በሚዘልቅ ሥራ እስከ 90 ግራም ይችላል። ይህ የረጅም ርቀት ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ሌላው ሰው ይለፈው።

ከልምምድ በኋላ ቶሎ ለመብላት ያለው ችኮላ የተጋነነ ነው። ቀጣዩ ልምምድ ነገ ከሆነ የዕለቱ መደበኛ ምግቦች ግላይኮጅኑን ይሞሉታል። በስምንት ሰዓት ውስጥ እንደገና የሚሠራ ብቻ ነው ለመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በየሰዓቱ ለኪሎ 1 ግራም ያህል መውሰድ ያለበት። “ጡንቻዬን ልመልስ” በሚል ሰበብ የሚበላው ነገር የሩጫውን ሒሳብ በአምስት ደቂቃ ይዘጋዋል። አንድ ሰው ሲሮጥ በኪሎ ሜትር የሚያወጣው ኃይል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 350 ካሎሪ። አንድ ጠርሙስ የስፖርት መጠጥና አራት አምስት ብስኩት ያንን ይመልሱታል። ሰዓቱ ላይ ያለው መቁጠሪያ 500 ካሎሪ ብሎ ካሳየ ደግሞ አትመኑት፤ እነዚህ መሣሪያዎች የካሎሪ ግምታቸው ብዙ ጊዜ ይስታል።

ቁጥሩን በአንድ ምሳሌ ልዘርጋው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ በሳምንት አራት ቀን የሚሠራ፣ ክብደቱን ባለበት ለማቆየት 2,300 ካሎሪ የሚፈልግ ሰው 400 ቀንሶ በ1,900 ይንቀሳቀስ። ፕሮቲን ለኪሎ 1.6 ግራም ይሁን፦ 112 ግራም፣ 448 ካሎሪ። ስብ ለኪሎ 0.9 ግራም፦ 63 ግራም፣ 567 ካሎሪ። የሚቀረው 885 ካሎሪ ለ4 ሲካፈል 221 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል። እየከሳ ያለ ሰው ይህን ሁሉ መብላት መቻሉ ብዙዎችን ያስገርማል።

የስፖርት ቀን ቁርስ 60 ግራም ደረቅ አጃ በ200 ሚሊ ሊትር ወተት ከአንድ ፖም ጋር ቢሆን 75 ግራም ይሰጣል። ምሳ 200 ግራም የተቀቀለ ምስር፣ 150 ግራም የበሰለ ሩዝና አትክልት፣ 92 ግራም። ከልምምድ በፊት ሙዝ፣ 27። እራት 250 ግራም የተቀቀለ ድንች ከአትክልትና ከዓሣ ወይም ከእንቁላል ጋር፣ 60። ድምሩ 254 ግራም ነው፤ ፋይበሩም ከ35 ግራም ያልፋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ለአዋቂ ካስቀመጠው ቢያንስ 25 ግራም በላይ። በእረፍት ቀን ሩዙና ሙዙ ብቻ ይውጡ፤ 185 ይቀራል። አጃው፣ ምስሩ፣ ፍሬውና ድንቹ ባሉበት ይቆያሉ። የሳምንቱ አማካይ 224 ግራም ሆኖ ከዕቅዱ ጋር ይገጥማል። ሰዎች በተግባር የሚያደርጉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በሚሠሩበት ቀን ይጾማሉ፣ በእረፍት ቀን “ይገባኛል” ብለው ይበላሉ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ በብዛት የሚሳሳተው ሚዛኑ ነው። 100 ግራም ጥሬ ሩዝ 80 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 28። ጥሬውን መዝኖ የበሰለውን ቁጥር የመዘገበ ሰው ሦስት እጥፍ ገደማ በልቶ “ካሎሪ ቆጥሬ አልቀነስኩም” ይላል። ጥሬውን ከመዘኑ የጥሬውን፣ የበሰለውን ከመዘኑ የበሰለውን ቁጥር ይያዙ፤ ሁለቱን አያደባልቁ።

ድንችና ሩዝ በስለው ሲቀዘቅዙ ከስታርቹ ጥቂቱ በትንሹ አንጀት የማይፈጭ ዓይነት ይሆናል፤ እንደ ፋይበር ያገለግላል። ይህን ሰምቶ ሩዝ በብዛት ቀቅሎ ማስቀመጥ መልካም ነው፣ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው፤ ካሎሪውን በግማሽ ይቀንሳል የሚባለውን አትመኑ። ጥንቃቄም ይፈልጋል። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ከመቀቀል ተርፎ ሩዙ ውጭ ሲያድር ይራባል፤ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። በሰፊ ሳህን ዘርግቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባት፣ በማግስቱም መጨረስ ነው።

ፋይበር ከ12 ግራም ወደ 35 በአንድ ቀን አይዘለልም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሳይለምዱት ሆድ ይነፋል፤ ሰውም “ምስር አይስማማኝም” ብሎ ይተወዋል። በሳምንት 5 ግራም እየጨመሩ፣ ውሃም እያበዙ መሄድ ይሻላል፤ ውሃ ካልተከተለው ፋይበር ራሱ ያደርቃል።

ካርቦሃይድሬትን ከሞላ ጎደል ትቶ የሚከሳ ሰው የለም ወይ? አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነር የመሩትና በ2018 የታተመው ጥናት 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች የተጨመረ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ፣ አትክልት እንዲያበዙ ተነግሯቸው ነበር። ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው እንግዲህ ሁለቱም ያስኬዳሉ። በፍጥነት ለሚሮጥ፣ ኳስ ለሚጫወት ወይም ብረት ለሚያነሳ ግን ካርቦሃይድሬቱን ማውጣት ልምምዱን ያስከፍለዋል፤ እኔ አልመክረውም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከላይ ያሉትን መጠኖችና ሰዓቶች ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይቀይር፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ካርቦሃይድሬት ቢቀንስ ወይም ስፖርት ቢጨምር ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

የሚዛኑ ቁጥር በየቀኑ ይዋዥቃል። አንድ ቀን ፓስታና ጨው የበዛበት እራት በማግስቱ ከ1 ኪሎ በላይ ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ያ ግላይኮጅንና ውሃ ነው። ስለዚህ ጠዋት ከሽንት በኋላ እየተመዘኑ የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ ጋር ያወዳድሩ። በሳምንት ከክብደቱ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። አማካዩ ለሦስት ሳምንት ካልተነቃነቀ መቀነሻው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የሚጠጣው ስኳር፣ ቀጥሎ ብስኩቱና በፉርኖ ዱቄት የተሠራው ሁሉ፣ ከዚያ የእረፍት ቀኑ ድንች በግማሽ። ምስሩና አትክልቱ አይነኩም። ከጠንካራው ልምምድ በፊት ያለው ሙዝ የሚቀነሰው በመጨረሻ ነው፤ የልምምዱ ፍጥነት ወይም የሚነሳው ብረት ከወረደም መጀመሪያ የሚመለሰው እሱ ነው።